የሶፍትዌር ላንዲንግ ፔጅ ላይ ምን ይጻፍ? ከጎጃም ሲስተም ሠሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፤ በየከተማው ሲስተም ሠርተው የሚሸጡ ትንንሽ ቡድኖች አሉ። ብዙዎቹ ከባሕር ዳር ፖሊ ወይም ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ናቸው። ኮዱ አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግራቸው ላንዲንግ ፔጁ ላይ፣ ማለትም ሰው ሊንኩን ተጭኖ መጀመሪያ በሚያየው ገጽ ላይ፣ የሚጻፈው ነገር ነው። «ሰው ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል፤ አይደውልም» ይላሉ። ከዚህ በታች ያለው ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የምሰጠው መልስ ነው። የምናወራው ለንግድ ድርጅት ስለሚሸጥ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ጌም ለምትሠሩ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ሰው ገጻችንን አይቶ ለምን አይደውልም?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ምን እንደምትሸጡ አልገባውም። የገጻችሁን የመጀመሪያ መስመር አሁን ክፈቱና አንብቡት። «ለዘመኑ የሚመጥን፣ ቀልጣፋና አስተማማኝ የዲጂታል መፍትሔ» የሚል ነገር ካለ ችግሩ እዚያው ነው። እስቲ የእናንተን ስም አውጡና የሌላ ድርጅት ስም አስገቡበት። ምንም ካልተበላሸ መስመሩ ስለ እናንተ የሚናገረው ነገር የለም። ባንክ ብታስገቡበትም ይሄዳል። የውኃ ፓምፕ አስመጪ ብታስገቡበትም ይሄዳል።

ሁለተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው አያስበውም። ገጹን ያየው ሰው ወሳኙ ሰው አይደለም። ቢቸና ላይ እህል የሚነግድ ሰው ራሱ ጎግል ገብቶ ሲስተም ሲፈልግ አታገኙትም። የሚፈልገው ልጁ ነው፤ ወይም ሒሳብ የምትይዝለት ልጅ ናት። ገጹን ታየዋለች፣ ትወደዋለች፣ ሊንኩን በቴሌግራም ትልክለታለች። ማታ ሱቅ ሲዘጋ «ምንድን ነው የላክሽልኝ?» ይላታል። እሷ ያን ጊዜ በቃሏ የምትመልሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሸጥላችሁ፤ ወይም የማይሸጥላችሁ። «የሆነ የዲጂታል ሲስተም ነው ጋሼ» ካለችው አለቀ። «ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት ስልክዎ ላይ የሚያሳይ ነው» ካለችው ግን ቢያንስ «እስቲ አሳይኝ» ይላል።

ስለዚህ ገጹን የምትጽፉት ለሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም። እሱ ለሚነግረው ሰውም ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው መስመር ምን ይበል?

ለማን እንደሆነና የትኛውን የዕለት ራስ ምታት እንደሚያስቀር ይናገር። ሌላው ከሥር ይመጣል።

ለመድኃኒት ቤት የምትሸጡ ከሆነ «የተቀናጀ የመድኃኒት ቤት አስተዳደር ሲስተም» ብላችሁ ጽፋችኋል እንበል። ውሸት የለበትም። ግን ማንም ለማንም አይነግረውም። «መደርደሪያ ላይ ያለ መድኃኒት ጊዜው ከማለፉ በፊት የሚያስታውስዎ ሲስተም» ቢባልስ? የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጊዜው አልፎበት የሚወገደውን ካርቶን ያውቀዋል፤ ገንዘቡ ነው። ለግል ትምህርት ቤት ደግሞ «ያልከፈለ ወላጅ ማን እንደሆነ መዝገብ ሳያገላብጡ ይወቁ» ማለት ይቻላል። ጣና ዳር ላለ ሆቴል «የክፍሉ፣ የምግቡና የባሩ ሒሳብ በአንድ ቢል ይውጣልዎ» በሉት።

ልብ በሉ፣ አንዳቸውም «ትርፍዎን በእጥፍ ያሳድጋል» አይሉም። ያን ማረጋገጥ አትችሉም። ነጋዴው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሰምቶ ሰምቶ ጠግቦታል። ሲስተሙ በእርግጥ የሚሠራውን ነገር ብቻ ቃል ግቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹን ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ ምድር ነገርን በሰምና ወርቅ መናገር ይጥመዋል። ላንዲንግ ፔጅ ላይ ግን ወርቁን ብቻ አስቀምጡ። «ንግድዎን እናበራለን» የሚል ርዕስ ያለው ገጽ ከፍቼ ሶላር የሚሸጡ መስለውኝ ያውቃሉ። የሚሸጡት የሒሳብ ሲስተም ነበር።

ርዝመቱን በስልክ ለኩት እንጂ በላፕቶፕ አትለኩት። የአማርኛ ቃል ይረዝማል። ስልክ ላይ ከሦስት መስመር ካለፈ ቁረጡት።

ቃላቱን ከየት እናምጣቸው? እኛ ጸሐፊ አይደለንም።

ባትሆኑ ይሻላል። ቃላቱ ደንበኛው አፍ ላይ አሉ። ሲስተማችሁን የሚጠቀሙ ጥቂት ሰዎች ጋ ሂዱ። በስልክም ይሆናል፣ በአካል ግን ይሻላል። ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይመጣል።

የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፦ «ምን ሆነው ነው ሲስተም መፈለግ የጀመሩት?» ልብ በሉ፣ «ለምን ፈለጉት» አይደለም። «ለምን» ስትሉት ሰው ማብራሪያ ይፈጥርላችኋል። «ምን ሆነው» ስትሉት ታሪክ ይነግራችኋል። «ጳጉሜን ላይ ቆጠራ አደረግን፣ አልገጥም አለ፣ ከስቶር ኪፐሩ ጋር ተጣላን» ይላችኋል። ርዕሳችሁ እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው «ከመግዛትዎ በፊት ማንን አማከሩ?» ነው። ይሄ ገጹ ማንን ማሳመን እንዳለበት ይነግራችኋል። ሚስቱን ያማከረ አለ፤ ወንድሙን፣ የውጭ ኦዲተሩን፣ አዲስ አበባ ያለ የአክስቱን ልጅ ያማከረ አለ። ኦዲተሩ ብዙ ጊዜ ከተነሳ ለኦዲተር የሚሆን አንድ አንቀጽ ገጹ ላይ ያስፈልጋችኋል። ሪፖርቱ ምን ምን እንደሚያወጣ የሚናገር።

ሦስተኛው «ልተወው ያሰኘዎት ነገር ምን ነበር?» ነው። እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ ለመከላከል አትቸኩሉ። የሚወጣው ፍርሃት ሁሉ ገጹ ላይ መልስ ሊያገኝ ይገባል።

«ሲስተማችንን እንዴት አገኙት?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» ይሏችኋል። ይሄ ምርቃት እንጂ መረጃ አይደለም። ጎጃም ላይ ፊት ለፊት «አልወደድኩትም» የሚል ሰው ለማግኘት ብዙ መቀመጥ ያስፈልጋል።

የሰማችሁትን እንዳለ ጻፉት። «ስቶክ አልገጥም አለኝ» ያለውን ሰው «የክምችት ልዩነት» ብላችሁ አታርሙት። ያልገዙትንም ደውሉላቸው። ብዙ ጊዜ ከገዙት በላይ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

ሲስተማችን ለሁሉም ዓይነት ድርጅት ይሆናል። አንዱን መርጠን ሌላውን ለምን እናባርር?

ሲስተሙ ለሁሉም ይሁን፣ ገጹ ግን አይሁን። የመድኃኒት ቤት ባለቤት «ለሱቅ፣ ለሆቴል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ» የሚል ዝርዝር ሲያይ «ለእኔ» አይልም። ለእያንዳንዱ የራሱን ገጽ ሥሩ። ኮዱ አንድ፣ ርዕሱና ምሳሌው የተለያየ። አቅም ከሌላችሁ አሁን ብዙ ደንበኛ ካላችሁበት ዘርፍ ጀምሩ።

አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ?

ለጎጃም ገበያ አማርኛ። ክርክር የለውም። ሊንኩን የሚልከው ወጣት እንግሊዝኛ ቢያነብም የሚወስነው ሰው በአማርኛ ነው የሚያስበው። በእንግሊዝኛ ያየውን ነገር መጀመሪያ መተርጎም አለበት፤ ሲተረጉም ደግሞ ግማሹ ይፈስበታል።

አማርኛ ስትጽፉ ግን የሱቁን አማርኛ ጻፉ። ስቶክ፣ ዱቤ፣ ደረሰኝ፣ ፕሮፎርማ፣ ፔሮል፣ ካሸር ይባላል። ማንም ሱቅ ውስጥ «የሰው ሀብት ክፍያ ሥርዓት» ሲል አልሰማሁም። ከመዝገበ ቃላት የወጣ አማርኛ እንደ እንግሊዝኛው ያስቸግራል።

ሲስተሙ ራሱ እንግሊዝኛ ከሆነ አትደብቁ። ገጹ አማርኛ ሆኖ የተገዛው ሲስተም እንግሊዝኛ ሲሆን ሰው የተታለለ ይመስለዋል። «ሜኑው እንግሊዝኛ ነው፣ ሥልጠናውን በአማርኛ እንሰጣለን» ማለት ይቻላል። በነገራችን ላይ፣ እንጅባራና ዳንግላ ላይ የምትሠሩ ከሆነ አዊኛ የሚናገር አሠልጣኝ ካላችሁ ያን መጻፍ አትርሱ። ተፎካካሪያችሁ የሌለው ነገር ነው።

«አንተ» እንበል «እርስዎ»?

ትንሽ ጥያቄ ትመስላለች፤ አይደለችም። ሞጣ ላይ ሃያ ዓመት የነገደን ሰው «ንግድህን አሳድግ» ብሎ የሚቀበለው ገጽ ጸያፍ ነው። ልጅ መጥቶ ትከሻውን እንደመታው ይሰማዋል። ለንግድ ባለቤት «እርስዎ» ይሻላል፦ ይደውሉ፣ ይመልከቱ፣ ይጠይቁ። «እናንተ»ም ለድርጅት ያስኬዳል። ዋናው አለመቀላቀል ነው። ርዕሱ ላይ «ይቆጣጠሩ»፣ ቁልፉ ላይ «ጀምር»፣ ፎርሙ ላይ «ስምህን አስገባ» የሚሉ ገጾች ሞልተዋል። ፎርሙ ከውጭ ቴምፕሌት ተወስዶ በማሽን ስለተተረጎመ ነው። ስሕተት ሲፈጠር የሚወጣውን መልእክትም ተመልከቱት። እዚያም «አንተ» ተደብቆ ይገኛል።

ዋጋ እንጻፍ?

እኔ ጻፉ ባይ ነኝ። ዋጋ ያላየ ሰው «ውድ ነው ማለት ነው» ብሎ ያልፋል። ለባለቤቱ የሚነግረውም ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» እንደሚሆን ያውቃል። መልስ ከሌለው ጭራሽ አያነሳውም።

ቁርጥ ዋጋ መጻፍ የሚያስፈራበት ምክንያት ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሰርቨር በዶላር የሚከፍል ሰው ያን ጊዜ አይረሳውም። መፍትሔው ዋጋውን መደበቅ ሳይሆን ቀን ማሰር ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ሰኔ 30 የጸና ነው» በሉ። ዋጋው እንደ ድርጅቱ ስፋት የሚለያይ ከሆነ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብላችሁ ምን እንደሚጨምረው ተናገሩ፦ የተጠቃሚ ቁጥር፣ የቅርንጫፍ ብዛት፣ የድሮ መዝገብ የማስገባት ሥራ።

ቫት 15 በመቶው ውስጥ ይሁን ከውጭ ግልጽ አድርጉ። ኋላ ላይ በስልክ «ፕላስ ቫት» ማለት የተጀመረን ጓደኝነት ያበላሻል። የሥልጠናና የመንገድ ወጪውንም እንዲሁ። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማን ይከፍላል? ገጹ ይመልስ።

ለወላጅ ወይም ለደንበኛ መልእክት የሚልክ ሲስተም ካላችሁ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይይዛል። በአማርኛ ግን 70 ብቻ ነው። የመቶ ፊደል የአማርኛ ማስታወሻ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፤ ሁለት ይከፈልበታል። ትምህርት ቤቱ ይሄን ከእናንተ ገጽ ቢያውቀው ያምናችኋል። ከወሩ ሒሳብ ቢያውቀው ይጣላችኋል።

ገና ብዙ ደንበኛ የለንም። ምስክርነት ከየት እናምጣ?

አትፍጠሩ። እኛ አገር «አቶ እገሌ፣ ሥራ አስኪያጅ» የሚል የተፈጠረ ምስክርነት ዕድሜው አጭር ነው። ከተማው ትንሽ ነው። ሰዉ ይተዋወቃል። «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ይጣራል።

አንድ ደንበኛ ካላችሁ አንዱ ይበቃል። ፈቃድ ጠይቁትና በራሱ ቃል ያለውን ጻፉ። «በጣም ጥሩ አገልግሎት ነው» የሚል ምስክርነት ግን አይጠቅምም። «ቆጠራ ሁለት ቀን ይፈጅብን ነበር፤ አሁን ከሰዓት በፊት ያልቃል» ዓይነት ነገር ካለው እሱን ውሰዱ። ከዚያ የሚበልጥም አለ፦ «የሚጠቀምበትን ሰው ማነጋገር ከፈለጉ እናገናኝዎታለን» የሚል መስመር። ጎጃም ውስጥ ሰው የሚያምነው የተጻፈውን ሳይሆን የደወለለትን ነው። ስልክ ቁጥሩን ግን ገጹ ላይ አትለጥፉት፤ ሲጠየቁ በፈቃዱ ስጡ።

ምንም ደንበኛ ከሌለ ሥራችሁን አሳዩ። ሲስተሙ አንድ ሽያጭ ከመነሻ እስከ ደረሰኝ እንዴት እንደሚመዘግብ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ ቢሯችሁ የት እንደሆነ፣ ንግድ ፈቃድ እንዳላችሁም ጻፉ። «ከገዛሁ በኋላ ጠፍተው ቢቀሩስ?» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው።

ተፎካካሪያችን ማን ነው? ስለ እሱስ ምን እንጻፍ?

አዲስ አበባ ያለ ትልቅ የሶፍትዌር ድርጅት አይምሰላችሁ። ተፎካካሪያችሁ መዝገቡ ነው። ኤክሴል ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ የለመደችው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ፒችትሪ ነው። እነዚህን አትሳደቡ። መዝገብ መብራት አይፈልግም፣ ኔትዎርክ አይፈልግም፣ ፓስዎርዱ አይረሳም። «ኋላ ቀር አሠራርን ይሰናበቱ» ስትሉት ሰውየው ሃያ ዓመት ኋላ ቀር እንደነበረ እየነገራችሁት ነው።

ይልቅ መዝገቡ ላይ በእርግጥ የሚጎድለውን አንድ ነገር ንኩ። መዝገብ ባለቤቱ ከተማ ሲወጣ አብሮት አይሄድም። ዱቤው ካለፈበት አያስታውስም። አንዱን ምረጡ።

ከዚያ ፍርሃቶቹን መልሱ። የመጀመሪያው ኔትዎርክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ያለፈ ነጋዴ «ክላውድ» (ደመና፤ መረጃን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር) ሲባል የሚያስበው ስለ ዝናብ ሳይሆን ሱቁ ስለ መቆሙ ነው። ሲስተማችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ይሄ ከርዕሱ ሥር ሁለተኛው መስመር መሆን አለበት፦ «ኔትዎርክ ሲጠፋም ይሸጣሉ፤ ሲመለስ ራሱ ያስተካክላል።» የማይሠራ ከሆነ ምን እንደሚደረግ ተናገሩ። ዝም ማለት አይሆንም፤ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም። መብራትም እንዲሁ። በስልክ ይሠራል ወይ? ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ያልተቀመጠው ሽያጭ ይጠፋል ወይ?

ሁለተኛው ፍርሃት በሹክሹክታ የሚጠየቀው ነው፦ «ገቢዎች ያየዋል ወይ?» ብዙ ገጾች ይሄን ይዘሉታል፤ ሰውየው ግን ይሄን ሳያውቅ አይገዛም። እውነቱን ጻፉ። መረጃው የድርጅቱ እንደሆነ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ከእናንተ ሠራተኞች ማን ሊያየው እንደሚችል፣ ለሦስተኛ ወገን እንደማትሰጡ፣ ሕግ ሲያስገድድ ግን ሕግ እንደሚከበር ተናገሩ። ሲስተሙ ገቢ ለመደበቅ ይረዳል የሚል ፍንጭ ግን እንዳትሰጡ። እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ሰው ነገ እናንተንም ደንበኛውንም ይዞ ገደል ይገባል። የታካሚ ወይም የተማሪ መረጃ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አንብቡት፤ ከዚያ ገጹ ላይ ምን እንደምታደርጉ በሦስት መስመር ጻፉ።

ሦስተኛው «ልጅቷ ሥራ ብትለቅስ?» ነው። ሲስተሙን የለመደችው ካሸር ሥራ ስትቀይር አዲሷን ማን ያሠለጥናል? ለዚህ መልስ ያለው ገጽ ብዙ አላየሁም። እናንተ የመጀመሪያው ሁኑ።

ቁልፉ ላይ ምን ይጻፍ?

ሲጫን የሚሆነውን ነገር። «ተጨማሪ»፣ «ይላኩ»፣ «አሁኑኑ ይጀምሩ» ምንም አይናገሩም። «ሱቅዎ ድረስ መጥተን እናሳይዎ» የሚለው ይናገራል። መምጣት ካልቻላችሁ «በቴሌግራም ቪዲዮውን ይላኩልኝ» በሉት። ይሄኛው ደግሞ ለአለቃው ለማሳየት ለሚፈልገው ሰው የተሠራ ነው።

ስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን። ይሄን የሚረሳ ገጽ ብዛቱ ያስገርማል። ከአራት መስመር የሚበልጥ ፎርም አታስሞሉ። ኢሜይል ግዴታ አታድርጉ፤ ብዙ ነጋዴ ኢሜይሉን የከፈተለት ሰው ነው ፓስዎርዱን የሚያውቀው።

ቀጠሮ የሚያስይዝ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ሰዓቱን ተመልከቱ። ከውጭ የመጣው መሣሪያ ለጠዋቱ ቀጠሮ «9:00» ብሎ ያሳያል። አማርኛ አንባቢ 9 ሰዓት ሲል ከሰዓት በኋላ ነው። እናንተ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትጠብቁታላችሁ፤ እሱ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ፣ እሱ ግን በሰዓቱ መጥቻለሁ ብሎ፣ ይደርሳል። በቃል ጻፉት፦ «ጠዋት 3 ሰዓት»። ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር።

ፎቶና ዲዛይንስ?

ሱፍ ለብሰው እጅ የሚጨባበጡትን ፈረንጆች አውጧቸው። በእነሱ ቦታ የሲስተሙን ስክሪን አስገቡ። ስክሪኑ ላይ ያለው ናሙና ግን «ፕሮዳክት 1፣ ፕሮዳክት 2» አይሁን። «ነጭ ጤፍ፣ 40 ኩንታል» ይበል። ለቡሬ በርበሬ ነጋዴ በርበሬ አሳዩት። ሰው ሲስተሙን ሳይሆን የራሱን ሱቅ ነው የሚፈልገው።

ገጹ ይቅለል። በደካማ ኔትዎርክ፣ በርካሽ ስልክ ክፈቱት። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የደንበኛውን ካርድ ይበላል።

ሁለት ገጽ ሠርተን የትኛው እንደሚሻል በቁጥር ብንፈትንስ?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጎብኚ ግን ይጠይቃል። ከመቶ ጎብኚ 2 የሚደውልበትን ገጽ ወደ 3 አሳድገናል ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር ለእያንዳንዱ ገጽ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ጎብኚ ያስፈልጋል። በወር ሁለት መቶ ሰው ለሚያየው ገጽ ይሄ ዓመታት ነው። በአሥር ሰው ልዩነት «ቀዩ ቁልፍ አሸነፈ» አትበሉ፤ ዕድል ነው።

በእናንተ ደረጃ የሚሠራው ሌላ ፈተና ነው። ሲስተሙን የማያውቅ፣ ግን የደንበኞቻችሁ ዓይነት ሰው ፈልጉ። ገጹን በስልኩ አሳዩትና ስልኩን ተቀበሉት። በማግስቱ ደውሉና «የትናንቱ ነገር ምን ነበር?» በሉት። የሚመልሰው ነገር የገጻችሁ እውነተኛ ርዕስ ነው፤ ከጻፋችሁት ጋር ካልተመሳሰለ የእሱን ውሰዱ። የሚደውሉትንም ሰዎች «ማን ነገረዎት? ምን ብሎ ነገረዎት?» እያላችሁ በደብተር መዝግቡ። የገጽ ጎብኚ ከሚቆጥረው ከጎግል አናሊቲክስ ይልቅ ይሄ ደብተር ይበልጥባችኋል።

በኤአይ ብናስጽፈውስ?

ፊደል ለማረምና ለማሳጠር ይጠቅማል። መነሻውን ግን ከደንበኛ አፍ አምጡለት። ካልሆነ ያው «ዘመናዊ፣ ቀልጣፋና አስተማማኝ» ብሎ ይመልስላችኋል፤ ከሁላችንም የተማረው እሱን ነው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለዩኒየኖችም በዚሁ ገጽ መሸጥ ይቻላል?

መንግሥት የሚገዛው በጨረታና በፕሮፎርማ እንጂ በገጽ አይደለም። ገጹ የሚያገለግለው «እነዚህ ሰዎች አሉ ወይ?» ብሎ ለሚያጣራ የግዥ ሠራተኛ ነው። ለእሱ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና የሠራችኋቸውን ሥራዎች የያዘ፣ ሊታተም የሚችል አንድ ገጽ አዘጋጁ። የገበሬ ዩኒየን ደግሞ ቦርድ አለው። አንድ ሰው ወድዶት አይበቃም፤ ስብሰባ ላይ የሚነበብ ወረቀት ይፈልጋል።

ደንበኛችን ውጭ አገር ቢሆንስ?

ሌላ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። እዚያ ስለ ዱቤ መዝገብ አይወራም። የሰዓት ልዩነታችሁን ጻፉ፦ ከናይሮቢና ከሪያድ ጋር አንድ ነን፤ ከበርሊን በበጋቸው አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት እንቀድማለን። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥልም ተናገሩ፤ ስለ አካባቢያችን ዜና ያነበበ ሰው ይሄን መጠየቁ አይቀርም።

ገጹን መቼ መቼ እናድሰው?

በእናንተ ሳይሆን በደንበኛው ካላንደር። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በበጀት የሚሠራ ደንበኛ ያለው ሰው ግንቦት ላይ ገጹን ካላዘጋጀ አርፍዷል። የእህል ነጋዴው እጁ የሚሞላው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሲስተም ለማየት ጊዜ የለውም። ጥቅምት ላይ፣ ጥድፊያው ሳይመጣ አናግሩት። የባሕር ዳር ሆቴሎችን ለጥምቀት ሰሞን አትድረሱባቸው። ትምህርት ቤቶች ምዝገባ የሚጀምሩት በክረምቱ ስለሆነ የክፍያ ሲስተም የምትሸጡ ሰዎች ሰኔ ላይ መጨረስ አለባችሁ፤ መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ ስልክ አያነሳም።